ቀለም የተቀባው አራት

ጠመኔ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዋጋ ሲጽፍ የኖረን፣ ማታ ማታ ቅንድቡ ድረስ ነጭ አቧራ ለብሶ ወደ ቤቱ የሚሄድን ሰው ማን በእናቱ ስም ይጠራዋል? ያ ስም የደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። እሱም ቅር አላለውም። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ መንገድ ላይ ያገኘው ዳቦ ጋጋሪ፣ እሱም ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ፣ "አንተ ጠመኔ፣ አሁን ዝናብ ቢመታን እኔ ሊጥ፣ አንተ ኖራ ነህ!" ብሎት ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል። ጓደኝነታቸው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

የሚሠራው የጥጥ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ ረጅም ነው፤ ጣራው ሩቅ፣ መስኮቶቹ ከታጠቡ የቆዩ፣ ወለሉ በሰው ጫማ የተላጠ ጣውላ። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰፊ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሥሩ መሰላል ቆሟል። በስተቀኝ ስልከኛዋ የምትቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች። ስልከኛዋ ወደቡ ላይ ካለው ትልቁ ገበያ ዋጋ በስልክ ትሰማለች፤ ብጣሽ ወረቀት ላይ ትጽፍና በመስኮቷ ታወጣለች፤ ጠመኔ ይቀበላል፣ መሰላሉን ይወጣል፣ አሮጌውን በእርጥብ ጨርቅ ያጠፋል፣ አዲሱን ይጽፋል። በቀን ስድስት ጊዜ። አዳራሹ ሲዘጋ ሰሌዳው በውሃ ይታጠባል፤ ጠዋት እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል።

ሥሩ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ ነጋዴ ብቻ አይምሰላችሁ። ሾፌር አለ፣ አስተማሪ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪውም ከነሽርጡ ብቅ ይላል። ጥጡን ግን ማንም አያየውም። ጥጡ ከከተማ ወጣ ብሎ መጋዘን ውስጥ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሚገዛውና የሚሸጠው የመጋዘኑ ደረሰኝ ነው። ባለደረሰኙ ጀርባው ላይ ይፈርማል፣ ገዢው ገንዘቡን ይሰጣል፣ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ "ተሳስቻለሁ" ብሎ ነገር የለም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ክፋቱ፣ ይህችኛዋ ላም አልፎ አልፎ እውነትም ትታለባለች፤ ሰውን ያስለመደችውም በዚያ ነው።

ጠመኔ ራሱ አንድም ቀን ደረሰኝ ገዝቶ አያውቅም። "ፈሪ ነህ" ይሉታል። ይበሉ! መሰላል ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። የስንቱ ፀጉር ከሥሩ ሲሸብት አይቷል! ዋጋ ጨምሮ ሲጽፍ እንደ ልጅ የዘለለው ሰውዬ፣ ሦስት ወር ሳይሞላው ጥግ ወስዶ "ለአውቶቡስ የምትሰጠኝ አለህ?" ብሎታል። ሽንት ቤት ገብቶ፣ ድምፁ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍቶ የሚያለቅስ አስተማሪም አጋጥሞታል። ስለዚህ ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ "ሥራ ያለውን ገንዘብ ገበያ አትላከው።" የቤት ኪራይ ሥራ ያለው ገንዘብ ነው። የልጅ ትምህርት ቤትም ሥራ ያለው ገንዘብ ነው። ገበያ የሚላከው ሥራ ፈቱ ብቻ ነው፤ እሱ ቢቀርም ቤት አይፈርስም። አይ፣ ምክርስ ያውቅ ነበር!

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ከልቡ የሚያከብረው አንዲት አሮጊትን ነው። እማማ ሩብ ይሏቸዋል። የላስቲክ ጫማ አድርገው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው በሳምንት አንድ ቀን ይመጣሉ። ያላቸውን ገንዘብ አራት ቦታ ከፍለውታል፤ ጥጥ ላይ የሚያውሉት አንዱን ሩብ ብቻ ነው። ጥጥ ተወዶ ያ ሩብ ሲያብጥ፣ ያበጠውን ሸጠው ወደ ሌሎቹ ይመልሱታል። ረክሶ ሲሟሽሽ፣ ከሌሎቹ ቆንጠር አድርገው ይሞሉታል። ሰው ሁሉ ሲሻማ ይሸጣሉ፣ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ትንሽ ይገዛሉ። ወጣቶቹ ሙድ ይይዙባቸዋል።

"እማማ፣ በዚህ አያያዝዎ መቼ ሊያልፍልዎት ነው?"

"እኔ እንኳን የምፈልገው እንዲያልፍልኝ ሳይሆን እንዳልወድቅ ነው። እናንተ እለፉ፣ መንገዱ ሰፊ ነው" ይሏቸዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። የአንድ ኩንታል ጥጥ ዋጋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአራት ሺህና በአምስት ሺህ መካከል ሲዋልል ነበር። አራት ሺህ አንድ መቶ ይሆናል፣ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ይደርሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ፊት ያለችው አራት ግን ንቅንቅ አትልም። ጠመኔ ደግሞ ትከሻውን ያመው ጀምሮ ነበር። በየቀኑ ያንኑ አራት ማጠብ፣ ያንኑ አራት መጻፍ ታከተው። አዳራሹ ዝግ በሆነበት ቀን አንድ ቆርቆሮ ነጭ የዘይት ቀለም ገዛና መሰላሉን ወጥቶ፣ ክንድ የሚያህል፣ ወፍራም፣ ደስ የሚል አራት ቀባ። ኃላፊው ሲያየው "ጎበዝ! የጠመኔ ወጪ ቀነስክልን" አለው። ሌላውም ሰው አደነቀ። እማማ ሩብ ብቻ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ቀና ብለው ብዙ አዩት።

"ይሄ ምንድነው ልጄ?"

"ቀለም ነው እማማ።"

"ገበያው ያውቃል?"

"ምኑን?"

"መቀባቱን።"

ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

እንግዲህ ሰው ምን ይላል? "ከአራት አይወርድም፣ ተቀብቷል'ኮ!" ይላል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ሰው እየተቀባበለው ሲሄድ ቀልድነቱ ቀረ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? አዲስ ገዢ ሲመጣ ነባሮቹ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ያሳዩታል፤ እሱም አይቶ አንገቱን ነቅንቆ ይገዛል። ዋጋው ወደ አራት ሺህ ሲጠጋ የሚገዛው ሰው ይበዛል፤ ስለሚበዛም፣ ወደቡም ስለሚሰማ፣ ዋጋው ይነሳል፤ ስለሚነሳም "አላልንም?" ይባላል። ጠመኔም ሳያውቀው ዓይኑ ተበላሸ። ብጣሹ ወረቀት ላይ ካሉት አራት ቁጥሮች የኋለኞቹን ሦስቱን ብቻ ማንበብ ለመደ። የፊተኛውንማ ቀለሙ ያነብለታል።

እህት አለችው፤ በስድስት ዓመት ታንሰዋለች። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆና ሃያ ሰባት ዓመት ሠርታለች፤ ጣቶቿ ውሃ በልቷቸው ነጭና የተሸበሸቡ ናቸው። ባሏ ሞቷል፣ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የምትኖረው ሁለት ክፍል ተከራይታ ነው፤ በሩ ላይ ራሷ የተከለችው የሎሚ ዛፍ አለ። ጡረታ በወጣችበት ዓመት አከራይዋ ጠራትና፣ "ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ከሰው ሁሉ ቅድሚያ ላንቺ ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልችልም" አላት። የስንብት ገንዘቧን ብትቆጥረው፣ ቤቱ ከሚጠየቀው ሰባት እጅ ስድስቱ ሞልቷል። የጎደላት አንድ እጅ ብቻ ነው። አንድ እጅ! ይህን ያህል ባይሞላ ኖሮ ባልተመኘችውም ነበር፤ ሰውን የሚያሳብደው ለጥቂት የቀረ ነገር ነው።

ወንድሟ ጋ አዳራሽ ድረስ መጣች። ዋጋው ያን ቀን አራት ሺህ ሁለት መቶ ነበር።

"ጋሼ፣ አሁን ገዝቼ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሲሆን ብሸጥ ይሞላልኛል። ያቺ ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ያደረገችው እንዲሁ ነው።"

"ሥራ ያለውን ገንዘብ ገበያ አትላኪው እህት ዓለም።"

"እሱንማ አውቃለሁ፤ ስትለው ነው ያደግሁት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከአራት ይወርዳል?"

ጠመኔ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። መልሱ "አላውቅም" ነበር። ማንም ሰው፣ ወደብ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ነጋዴ እንኳን፣ ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረውም። ጠመኔ ግን እህቱ ፊት አላውቅም ማለት ከበደው። ሠላሳ ዓመት ጽፎ አላውቅም ይላል?

"ዘጠኝ ዓመት አልወረደም" አላት።

እሷም ገዛች። ሩቡን አይደለም፣ ግማሹንም አይደለም፤ ያላትን በሙሉ። የጎደለውን ልትሞላ የሞላውን ሁሉ አወጣች።

መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ነበር። አራት ሺህ አራት መቶ፣ አራት ሺህ ስድስት መቶ። እህቱ እየመጣች ሥሩ ቆማ ወደ ላይ ፈገግ ትልለታለች፤ መጋረጃ ለክታ መጥታ ስለ መጋረጃው ቀለም እንኳን አማክራዋለች። ከዚያ ነገሩ ዞረ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር። ዛሬ ሰላሳ፣ ነገ ሃምሳ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሃያ ጨምሮ ያስደስትና በማግስቱ ሰማንያ ይቀንሳል። አራት ሺህ አንድ መቶ ላይ ሲደርስ እህቱ መሰላሉ ሥር መጥታ እጁን ያዘችው።

"ልሽጥ ወይ ጋሼ? አሁን ብሸጥ የሚጎድልብኝ ትንሽ ነው። አከራዬን እለምነዋለሁ፤ ቢያንስ ያለኝን ይዤ እቀራለሁ።"

"ቆይ። አራት ላይ ይቆማል።"

ጉድ በሉ እንግዲህ! ቀለሙን ከሱቅ የገዛው እሱ፣ በብሩሽ የቀባው እሱ፣ ከእጁ ላይ በነጭ ጋዝ ያስለቀቀው እሱ፤ አሁን ደግሞ ቀና ብሎ አይቶ ያመነውም እሱ። ሌላው ሰው ቢታለል ሌላ ሰው አታልሎት ነው። የጠመኔ ግን የብቻው ነው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ሁለተኛው ወረቀት የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰሌዳው ላይ ያለው አራት ሺህ ስድሳ ነው። እህቱ ስልከኛዋ መስኮት አጠገብ፣ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆማለች፤ ማየቱ አስጠልቷታል። ደረሰኙን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዳቦ ጋጋሪው ከነሽርጡ አጠገቧ ነው። አዲስ ምድጃ ሊገዛበት ስንት ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ በፖስታ ተጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ። ወር ሙሉ "ልግዛ፣ አልግዛ" እያለ የጠመኔን ጆሮ ሲበላ የከረመ ሰው ነው።

ስልከኛዋ ወረቀቷን አወጣች። ጠመኔ ተቀበለ፣ አየት አደረገ፤ ስምንት መቶ ስድሳ። መሰላሉን ወጣ። የኋለኞቹን ሦስት ቁጥሮች በጨርቁ አጠፋ። ስምንት፣ ስድስት፣ ዜሮ ብሎ ጻፈ።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። "አራት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ! አራት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ!" ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ተቃቀፈ። ጠመኔም መሰላሉ ላይ ሆኖ ልቡ ዘለለ፤ መጀመሪያ የመጣችለት እህቱ ናት። ከላይ ሆኖ ፈለጋት። ዳቦ ጋጋሪው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሏል። ሰውየው መቼም ማንሾካሾክ አያውቅበትም፣ ቀስ ብሎ ሲያወራም ሰፈር ይሰማዋል።

"በአራት ሺህ አራት መቶ እወስድልሻለሁ። አሁኑኑ፤ ቶሎ በይ እህቴ" ይላታል። ፖስታውን አውጥቷል።

ጠመኔ ወረቀቱን ኪሱ ሊከት ሲል ዓይኑ አረፈበት። ስልከኛዋ የፊተኛውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። አራት አይደለም። ሦስት ነው። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ።

መሰላሉን በክንዱ አቀፈው። ከላይ ሁሉም ነገር ይታየዋል። እህቱ ደረሰኙን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስክሪብቶ አውጥታለች። ከፈረመች ገንዘቧ ከነትርፉ ይመለሳል፤ የቀረውን አከራይዋን ብትለምነው ቤቱም፣ የሎሚው ዛፍም የእሷ ሊሆን ይችላል። ማንም አያውቅም። "ዓይኔ ነው የሳተው" ቢል ማን ይከሰዋል? እስክትፈርም ብቻ ዝም ማለት ነው። ኪሳራው የሚወድቅበት ግን ያ ነጭ ሽርጥ የለበሰው ሰው ነው፤ ምድጃው ነው የሚወድቀው። አንዴ ተነፈሰ። ሁለተኛ ተነፈሰ። ሦስተኛ። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

"ሦስት ነው!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "አራት አይደለም! ሦስት ነው! ሦስት ነው የተጻፈው!"

ዳቦ ጋጋሪው ፖስታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዘ። እህቱ አልዞረችም። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ ግድግዳውን እያየች እንደቆመች ቀረች። ከዚያ እግሬ አውጪኝ ሆነ። ሁሉም ሻጭ ሆነ፣ አንድ ገዢ ጠፋ። ያ ሁሉ ሰው የተደገፈው አራትን ነበር፤ አራት ሲሄድ ሁሉም አብሮ ወደቀ። በዚያው ቀን ዋጋው ሦስት ሺህ አምስት መቶ ገባ።

ጠመኔ ቀለሙን ሕዝቡ እያየው ፋቀው። ነጭ ጋዝ አርከፈከፈበት፣ በቢላዋ ጫረው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው። ሰዓታት ወሰደበት። ከታች ስድብ ይወርድበታል፤ የሚሳደበው ሰው መብቱ ነው ብሎ መፋቁን ቀጠለ። አንዴ መሰላሉ ሲረጋለት ጎንበስ ብሎ አየ። እማማ ሩብ ናቸው፤ ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘውለታል። የሳቸውም ሩብ እንደሌላው ወርዷል። ግን ሩብ ነው፤ ቤታቸው ገብተው ራታቸውን ይበላሉ። "ነግሬህ አልነበር?" አላሉትም። ፍቆ እስኪጨርስ ያዙለት፣ ከዚያ ሄዱ።

እህቱ መሸጥ የቻለችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሦስት ሺህ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ዋጋ። አከራይዋ እንዳለው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጠበቃት፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ሸጠ። ሰውየውን መውቀስ አይቻልም። ዕቃዋን ጭና ወንድሟ ቤት ገባች። አንዲት ክፍል ናት፤ በመሀሏ መጋረጃ ሰቀሉ። የሎሚውን ዛፍ ነቅላ ልትወስደው ሞክራ ሥሩ እምቢ አላት።

ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። "ምግቡ ቀርቧል" ትላለች፣ "ውሃ ሞልቻለሁ" ትላለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። ልብሱን ታጥባለታለች፣ ቁልፉን ትሰፋለታለች፣ ዓይኑን ግን አታየውም። ጠመኔ ይገባኛል ብሎ ተቀበለ። "ቆይ" ያላት እሱ ነው። ቀለሙን የቀባው እሱ ነው። በመጨረሻም ልትተርፍ ስትል ከላይ ሆኖ የጮኸባት እሱ ነው። ምን ብላ ታናግረው?

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው በየቀኑ ጠዋት፣ ጠመኔ ወደ ሥራ ሳይሄድ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። አያንኳኳም፣ አይጠራም። ጠመኔ ምስጋና ነው ብሎ ተረዳው፤ ከጥፋት ስላዳነው። ከዳቦው እየቆረሰ ይበላል። እህቱ ግን አንድም ቀን አልቀመሰችውም። የእሷን ድርሻ በወረቀቱ መልሳ ትጠቀልለውና ማታ ለጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። ያም ቁጣ መሰለው። በእሷ ኪሳራ የተገኘ ዳቦ አልበላም ማለቷ ነው ብሎ አሰበ፤ ፈረደላትም።

ዓመት ሞላ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሥራ ጋዋኑን እጅጌ ስትጠግን፣ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኖ ያያት ነበር። እጅጌው ላይ ያን ቀን የነካው የቀለም ነጠብጣብ አለ። ሆዱ ውስጥ የያዘው ነገር ከዚያ በላይ አልቆይ አለው።

"አንድ የምነግርሽ አለ" አላት። "ያን ቀን ወዲያው አልጮኽኩም። ወረቀቱን አይቼ ሦስት መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ዝም ብያለሁ። እስክትፈርሚ ልጠብቅ ብዬ። ጓደኛዬን ልሸጠው ነበር። ሰው ሁሉ ጨዋ ነው ይለኛል፤ እንዳይመስልሽ።"

መርፌዋን አቆመች።

"ምን ያህል ዝም አልክ?"

"ሦስት ጊዜ እስክተነፍስ።"

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"እኔ ካንተ በፊት ነው ያወቅሁት" አለች።

"እንዴት?"

"የት ነበር የቆምኩት? ስልከኛዋ መስኮት ሥር አይደል? ወረቀቱን በአፍንጫዬ ሥር ነው ያወጣችልህ። ሦስቱን አይቼዋለሁ፣ ከነመስመሩ። አንተ መሰላሉን ሳትወጣ በፊት። ጩኸቱን ስሰማ ገባኝ፤ ቀለሙ ነው አልኩ። ሰውየው ሲጠይቀኝ እስክሪብቶ ያወጣሁት አውቄ ነው ጋሼ።"

ጠመኔ ከአልጋው ጠርዝ ተነሳ።

"ታዲያ ዓመት ሙሉ ዝም ያልሽኝ…"

"ተቆጥታ ነው ብለህ ነበር?" ጋዋኑን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "አፍሬ ነው'ንጂ! በምን ዓይኔ ልይህ? አንተ ሦስት ትንፋሽ ትላለህ፤ እኔ ግን ባትጮህ ኖሮ እፈርም ነበር። ያ ሰው ደግሞ አብራን ተታለለች፣ ምስኪን ከሰረች ብሎ በየቀኑ ዳቦ ያመጣልኛል። እንዴት ይዋጥልኛል?"

አጠገቧ ሄዶ መሬት ተቀመጠ። እጇን ያዘ፤ እሷም አላስለቀቀችውም። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትወርድ እንዲያ ተቀምጠው ቆዩ።

በማግስቱ ጠዋት ጠመኔ ከመጋረጃው ጀርባ እንደተጋደመ የበሩ መቀርቀሪያ ሲከፈት ሰማ። መስኮቱ ሳይሆን በሩ ነው። ከዚያ የእህቱን ድምፅ።

"ዛሬ አታስቀምጠው። ግባና የምነግርህን ስማኝ፤ ከሰማህ በኋላ ብትወድ ትሰጠኛለህ፣ ባትወድ ይዘኸው ሂድ።"

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ነገረችው። ሳታሳጥር፣ ሳታሰማምር፣ ከወረቀቱ እስከ እስክሪብቶው ነገረችው። ጠመኔ ብርድ ልብሱን ጥርሱ ውስጥ አድርጎ ጠበቀ።

"ሰሌዳው ላይ ስንት ነበር ያን ሰዓት?" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"አራት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ።"

"እኔ ስንት አልኩሽ?"

"አራት ሺህ አራት መቶ ነው ያልኩሽ" አለ። ያ ሰፈር የሚሰማው ድምፁ ዛሬ አልነበረም። "ለሰሌዳው ጀርባሽን ሰጥተሽ አየሁ። ጩኸቱ ሳይገባት ልውሰድባት ብዬ ነው'ኮ ቶሎ በይ ያልኩሽ። የጓደኛዬን እህት፣ ባሏ የሞተባትን ሴት። አንቺ እንደመሰለሽ ምስኪን ብዬ አይደለም ዳቦ የማመጣው። አንኳኩቼ የማላውቀውም ለዚህ ነው።"

ውጭ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። ጠመኔ እህቱ ተነስታ የምትወጣ፣ ወይም ሰውየው በሩን ዘግቶ የሚሄድ መሰለው።

"ቢላዋ የት ነው ያለው?" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

መሳቢያው ሲከፈት ተሰማ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ ተሰማ። የትኩስ ዳቦ ሽታ በመጋረጃው ሥር ገባ። ጠመኔ አልተነሳም። እንደተጋደመ፣ እህቱ ዓመት ሙሉ ያልቀመሰችውን ዳቦ ቀስ ብላ ስታኝክ ሰማ።